መንታዎቹ ማማዎች
ስለ አንድ ወጣት ቡድን የፊት መስመር የቀረበ ታሪካዊ ጽሑፍ
ከአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ

ይህ የትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት በሚዘጋጅበት ጊዜ፥ ዘንድሮ ትምህርታችንን የምንጨርስ ተማሪዎች ከልባችን በምንወደው ጉዳይ ላይ አንዳንድ ጽሑፍ እንድናቀርብ ተፈቅዶልን ነበር። እኔ የቅርጫት ኳስ ቡድናችን አምበል ሆኜ ሁለት ዓመት ስላገለገልሁ፥ ጓደኞቼ ሁሉ ስለሚመጣው የውድድር ዘመን እንድጽፍ ወተወቱኝ። ጥያቄያቸውም አንድ ነው። ከአምስቱ ቋሚ ተጫዋቾች ሦስታችን ዘንድሮ እንሄዳለን። ከቅርጫቱ ሥር የሚቀሩት ሁለት ረጃጅም ልጆች ናቸው፤ አንደኛው የ9ኛ፥ ሁለተኛው የ10ኛ ክፍል ተማሪ። እነዚህ ልጆች ቡድኑን ይሸከሙታል ወይስ ይከብዳቸዋል?

አሳቤን ለታሪክ መምህራችን ባማክራቸው፥ «ገና ያልሆነ ነገር ታሪክ አይባልም፤ ትንቢት መናገር ካማረህ ሌላ ገጽ ፈልግ» አሉኝ። ይህን ሲሉ ፈገግ ብለው ስለ ነበር አልተቀየምሁም። ነገር ግን ነገሩን ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትሁና፥ ጓደኞቼ የሚጠይቁኝ ይኸው ጥያቄ ከዚህ ቀደም በሌላ አገር፥ በታላቅ ቡድን ላይ ተጠይቆ መልሱን ያገኘ መሆኑ ትዝ አለኝ። የተጠየቀው በ1984 ነው፤ ቦታውም በአሜሪካ፥ በቴክሳስ የሚገኘው የሂውስተን ከተማ ነው። እንግዲህ ስለሚመጣው ከመናገር ያለፈውን እተርክላችኋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይረዳልኝ።

ጨዋታውን ለማያውቁ ወላጆች ጥቂት ማስረዳት ይገባኛል። በቅርጫት ኳስ በያንዳንዱ ወገን አምስት ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። ሁለቱ ኳሱን ከኋላ እየነዱ የሚያመጡ ሲሆኑ ጋርድ ይባላሉ። የቀሩት ሦስቱ፥ ማለት ሁለቱ ፎርዋርዶችና አንዱ ሴንተር፥ የፊት መስመር ናቸው። ሥራቸው ከቅርጫቱ አጠገብ ነው፤ የሳተውን ኳስ ከአየር መልቀም፥ ባላጋራ ሲወረውር መከልከል፥ ከቅርብም ማስቆጠር። ቅርጫቱ ከመሬት 3 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይሰቀላል። ጄምስ ኔይስሚዝ የተባለው መምህር በታኅሣሥ 1891 በስፕሪንግፊልድ ከተማ፥ በስፖርት አዳራሹ ሰገነት ላይ ሁለት የኮክ ፍሬ ቅርጫቶች ካስቸነከረ ጀምሮ ይህ ከፍታ አልተለወጠም። የሰው ቁመት ግን እየጨመረ መጣ። ስለዚህ ረጅም ሰው ለዚህ ጨዋታ የተፈጠረ ይመስላል።

በመጀመሪያው ዘመን ግን እንዲህ አይታሰብም ነበር። በጣም ረጅም የሆነ ልጅ ቀርፋፋ ነው፥ እግሩ ይተሳሰርበታል እየተባለ ይናቅ ነበር። ይህን አሳብ ከሻሩት ሰዎች ዋነኛው ጆርጅ ማይከን ነው። ማይከን 2 ሜትር ከ8 ሳንቲ ሜትር የሚሆን፥ ወፍራም መነጽር የሚያደርግ ልጅ ነበረ። በዩኒቨርሲቲ አሠልጣኙ ገመድ እያስዘለሉ እግሩን ካፍታቱለት በኋላ የሚችለው ጠፋ፤ የሚኒያፖሊስ ቡድን በእሱ ጊዜ 5 ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ። በመጨረሻም የጨዋታው አለቆች ሌላ ዘዴ ስላጡ፥ በ1951 ከቅርጫቱ ሥር የሚገኘውን የተከለከለ ክልል ስፋት ከ1 ሜትር ከ83 ወደ 3 ሜትር ከ66 ሳንቲ ሜትር አሰፉት። በ1964 ደግሞ በዊልት ቼምበርሌን ምክንያት እንደ ገና አሰፉት። ለአንድ ሰው ቁመት ሲባል ሕግ ሲለወጥ ማየት የሚያስደንቅ ነው። የቦስተኑ ቢል ረስል ደግሞ በ13 ዓመት ውስጥ 11 ሻምፒዮና አገኘ። ከዚያ ወዲህ የከተማው ሁሉ ምኞት አንድ ጥሩ ሴንተር ማግኘት ሆነ።

የሂውስተን ቡድን ሮኬትስ ይባላል። በ1967 በሳንዲያጎ ተመሥርቶ በ1971 ወደ ሂውስተን የተዛወረ ነው። በ1981 በሞዜስ ማሎን ኃይል ለፍጻሜ ደርሶ በቦስተን 4 ለ2 ተሸነፈ። በ1982 ማሎን ወደ ፊላዴልፊያ ሄደና በዓመቱ ፊላዴልፊያን ሻምፒዮን አደረጋት። ሂውስተን ግን በዚያው ዓመት ከ82 ጨዋታ ያሸነፈው 14 ብቻ ነበር። አንድ ምሰሶ የተነሣበት ቤት ምን እንደሚሆን ከዚህ ይታያል።

በአሜሪካ ደንብ እጅግ የተሸነፈው ቡድን ከዩኒቨርሲቲ ከሚወጡት ወጣቶች አስቀድሞ የመምረጥ መብት ነበረው። በዚያን ጊዜ ከምሥራቅና ከምዕራብ መጨረሻ የወጡት ሁለት ቡድኖች ሳንቲም ይጣልላቸው ነበር፤ ዘውድ ወይስ ጎፈር! በ1983 ዕድል ለሂውስተን ወጣች፤ ራልፍ ሳምፕሰንንም መረጠ። ሳምፕሰን 2 ሜትር ከ24 ሳንቲ ሜትር ነው። የትምህርት ቤታችን በር ቢሆን ወገቡን አጥፎ ካልሆነ አያስገባውም። በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳለ 3 ዓመት ተከታትሎ የአገሩ የዩኒቨርሲቲ ተጫዋቾች ሁሉ ኮከብ ተብሏል። በዚያው ምርጫ ሂውስተን በሦስተኛ ተራ ሮድኒ ማክሬይ የተባለውን ፎርዋርድ ጨመረ። አሠልጣኝ ሆነው የመጡትም ሚስተር ቢል ፊች ነበሩ፤ እሳቸው በ1981 ሂውስተንን ያሸነፈውን የቦስተንን ቡድን ያሠለጠኑ ናቸው።

ሳምፕሰን በመጀመሪያ ዓመቱ በየጨዋታው በአማካይ 21 ነጥብ አስቆጠረ፤ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋችም ተባለ። ቡድኑ ግን 29 ጨዋታ ብቻ አሸንፎ እንደ ገና ከምዕራብ መጨረሻ ወጣ። በዚህ ጊዜ ሂውስተን ሁለተኛውን ረጅም ለማግኘት ሆን ብሎ ተሸነፈ የሚል ሐሜት ተነሣ። እውነት ይሁን ሐሰት እኔ አልፈርድም። ሐሜቱ ግን ፍሬ አፍርቶ በ1985 የሳንቲሙ ልማድ ቀረና በምትኩ ዕጣ ማውጣት ተጀመረ።

በ1984 ሳንቲሙ በሂውስተንና በፖርትላንድ መካከል ተጣለ፤ አሁንም ሂውስተን አሸነፈ። የመረጠውም ሐኪም ኦላጁዎንን ነው። ፖርትላንድ በሁለተኛ ተራ ሳም ቦዊን፥ ቺካጎ በሦስተኛ ተራ ማይክል ጆርዳንን ወሰዱ። ጆርዳንን ስላለፉት ብዙ ሰው ዛሬ ይስቃል፤ የሚሳቅበት ግን ፖርትላንድ ነው እንጂ ሂውስተን አይደለም።

ሐኪም የእኛው አህጉር ልጅ ነው፤ በ1963 በናይጄሪያ በሌጎስ ከተማ ተወለደ። ስሙ በእኛ ቋንቋ የሚሰጠው ትርጉም ተማሪዎችን ሁሉ እንደሚያስቅ አውቃለሁ። እስከ 15 ዓመቱ ድረስ ቅርጫት ኳስ አልተጫወተም። የእግር ኳስና የእጅ ኳስ በረኛ ነበረ። ይህን ነገር ብዙዎች እንደ ቀላል ያልፉታል፤ እኔ ግን የታሪኩ ቁልፍ እዚህ ያለ ይመስለኛል። በረኛ እጁን ብቻ አያሠለጥንም፤ ኳሱ ከመመታቱ በፊት የመቺውን ትከሻ አይቶ እግሩን ማዘጋጀት ይለምዳል። ሐኪም በ1980 ወደ ሂውስተን ዩኒቨርሲቲ ሲመጣ ስለ ጨዋታው የሚያውቀው ጥቂት ነበር፤ ቁመቱም 2 ሜትር ከ13 ሲሆን እንደ ሳምፕሰን አያስደነግጥም። ይሁን እንጂ እግሮቹ እንደ አጭር ሰው እግር ይታዘዙለት ነበር። በበጋም ጊዜ በከተማው የሕዝብ የስፖርት አዳራሽ ከዚያ ከታላቁ ከሞዜስ ማሎን ጋር እየተጋፋ ይለማመድ ነበር። ማሎን በዓለም የታወቀ ጎልማሳ፥ ሐኪም ገና ተማሪ። ስንት ጊዜ ተገፍትሮ እንደ ወደቀ አስቡት! ዩኒቨርሲቲው ከ1982 እስከ 1984 በየዓመቱ ከመጨረሻዎቹ 4 ቡድኖች አንዱ ለመሆን በቃ፤ ሁለት ጊዜም ለፍጻሜ ደርሶ ሁለቱንም ተሸነፈ።

እንግዲህ በ1984 መከር ወቅት የሂውስተን የፊት መስመር ይህን ይመስል ነበር፤ ሳምፕሰን የ24፥ ማክሬይ የ23፥ ሐኪም የ21 ዓመት ወጣቶች። ሕዝቡም ሁለቱን ረጃጅሞች መንታዎቹ ማማዎች ብሎ ሰየማቸው። ጥያቄውም ዛሬ በእኛ ግቢ እንደሚጠየቀው ነበር። ሁለት ሴንተር በአንድ ጊዜ ማሰለፍ ይቻላል ወይ? በአንድ በር ሁለት በሬ አይገባም የሚሉ ነበሩ። ሁለቱም ከቅርጫቱ ሥር ከቆሙ አንዱ የሌላውን መንገድ ይዘጋል፤ ጠባቂዎቻቸውም እዚያው ስለሚከማቹ ለሌሎቹ ተጫዋቾች መተንፈሻ አይተርፍም።

ሚስተር ፊች መልሱን እንዲህ አበጁት። ሐኪምን ከቅርጫቱ አጠገብ አቆሙት። ሳምፕሰንን ግን ከ4 ወይም ከ5 ሜትር ርቀት ላይ ፊቱን ወደ ቅርጫቱ አዙሮ እንዲጫወት አደረጉት። ሳምፕሰን በተፈጥሮው ኳስ መንዳትና ከሩቅ መወርወር ይወድ ነበርና ነገሩ ተስማማው። አንድ ጠባቂ ሐኪምን ለመርዳት ሲጠጋ ኳሱ ለሳምፕሰን ይደርሳል፤ ወደ ሳምፕሰን ሲወጡ ከሥር ሐኪም ብቻውን ይቀራል። ሳምፕሰን ወርውሮ ቢስት እንኳ የሳተውን ኳስ ሐኪም ይለቅመዋል። ማክሬይ ደግሞ ብዙ ነጥብ ሳይሻ ኳስ ያቀብላል፥ የባላጋራን ብርቱ ፎርዋርድም ይይዛል። ጋዜጦች ስለ ማማዎቹ እንጂ ስለ እሱ ብዙ አልጻፉም። ሦስተኛው ሰው ባይኖር ግን ማማዎቹ በምን ላይ ይቆሙ ነበር?

ውጤቱን እነሆ። ሳምፕሰን በየጨዋታው በአማካይ 22፥ ሐኪም ከ20 በላይ ነጥብ አስቆጠሩ፤ ሁለቱም ከ10 በላይ የሳቱ ኳሶች ለቀሙ። ቡድኑ ከሁለት ዓመት በፊት 14፥ በቀደመው ዓመት 29 ያሸነፈው፥ በ1985 48 ጨዋታ አሸነፈ። በመጀመሪያው የማጣሪያ ዙር ግን በዩታ 3 ለ2 ተሸነፈ። በሚቀጥለው ዓመት 51 አሸንፎ ሳክራሜንቶንና ዴንቨርን ከጣለ በኋላ፥ በ1986 ግንቦት ከሎስ አንጀለስ ጋር ገጠመ። ሎስ አንጀለስ የቀደመው ዓመት ሻምፒዮን ነው፤ ማጂክ ጆንሰንና የ39 ዓመቱ ከሪም አብዱል ጀባር ያሉበት። የመጀመሪያውን ጨዋታ ሎስ አንጀለስ ወሰደ። ከዚያ በኋላ ግን ሂውስተን ተከታትሎ አሸነፈ፤ ሐኪም በእነዚያ 5 ጨዋታዎች በአማካይ 31 ነጥብ ሲያስቆጥር ሽማግሌው ከሪም ሊያቆመው አልቻለም።

አምስተኛውን ጨዋታ ልተርክላችሁ እወዳለሁ፤ በፊልም ደጋግሜ ተመልክቼዋለሁና። ሐኪም ከአንድ ባላጋራው ጋር ተደባድቦ ከሜዳ ተባርሯል። ውጤቱ 112 ለ112 ነው። የቀረው ጊዜ 1 ሴኮንድ ብቻ። ማክሬይ ከመስመር ውጭ ሆኖ ኳሱን ለሳምፕሰን ወረወረለት። ሳምፕሰን ጀርባውን ለቅርጫቱ እንደ ሰጠ በአየር ላይ ተቀብሎ፥ ወደ መሬት ሳይወርድ ገላውን አጥምዞ ገፋው። ኳሱ የቅርጫቱን ጠርዝ መታ፥ ነጠረ፥ ገባ። 114 ለ112። ሐኪም በሌለበት ሳምፕሰን ጨረሰው። በዚያች ሌሊት መንታዎቹ ማማዎች ለዐሥር ዓመት ይገዛሉ ያላለ ሰው ጥቂት ነበር።

በፍጻሜው የገጠማቸው ቦስተን ነው። የቦስተን የፊት መስመር ላሪ በርድ፥ ኬቨን ማክሄልና ሮበርት ፓሪሽ ሲሆኑ ከተጠባባቂ ወንበርም ቢል ዋልተን ይነሣል። ዋልተንና ፓሪሽ ከ30 ዓመት ያለፉ፥ በርድና ማክሄልም ወደዚያው የተጠጉ፥ ሁሉም ዋንጫ ያነሡ ሰዎች ናቸው። በዚያ ዓመት ቦስተን 67 አሸንፎ 15 ብቻ የተሸነፈ ቡድን ነበር። ሂውስተን ሁለት ጨዋታ አሸንፎ በ4 ተረታ። በመጨረሻው ጨዋታ በርድ 29 ነጥብ አስቆጥሮ፥ 11 የሳቱ ኳሶች ለቅሞ፥ 12 ጊዜ ጓደኞቹን አስቆጠረ። በርድ ከሳምፕሰን 18 ሳንቲ ሜትር ያህል ያጥራል። የሳምፕሰንን ያህል አይዘልም፤ ግን ኳሱ የት እንደሚወድቅ አስቀድሞ ያውቃል። እኔ ያን ጨዋታ ያየሁ ቀን በቁመት ላይ የነበረኝ እምነት ትንሽ ተነቃነቀ።

ይሁን እንጂ ሽንፈቱ ማንንም አላሳዘነም። ልጆቹ ገና ናቸው፤ ነገ የእነሱ ነው ተባለ። አሁን የታሪኩ ሌላ ገጽ ይጀምራል።

በዚያው ዓመት በመጋቢት፥ ከፍጻሜው ሁለት ወር ያህል ቀደም ብሎ፥ ሳምፕሰን በቦስተን አዳራሽ ውስጥ በኃይል ወድቆ በቃሬዛ ተወስዶ ነበር። ተመልሶ ተጫወተ፤ የሎስ አንጀለሱን ኳስ ያስገባው ከዚያ በኋላ ነው። በ1987 ደግሞ ጉልበቱ ተጎዳ፥ ቀዶ ሕክምናም ተደረገለት። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ከ3 ጨዋታ በስተቀር ያልቀረው ልጅ፥ በዚያ ዓመት 43 ጨዋታ ብቻ ተጫወተ። በሌላ በኩል ከ1986 እስከ 1987 መጀመሪያ ድረስ የቡድኑ ሦስት ጋርዶች በአደንዛዥ ዕፅ ምክንያት ከቡድኑ ወጡ። ኳስ ከኋላ የሚያመጣ ሰው ሲጠፋ ከፊት ያለው ማማ ምን ይሠራል? በ1987 ሂውስተን በሲያትል እጅ ከማጣሪያው ሲወጣ፥ በመጨረሻው ጨዋታ ሐኪም ብቻውን 49 ነጥብ አስቆጥሮ 25 ኳስ ለቀመ፤ ተሸነፉም። በታኅሣሥ 1987 ሳምፕሰን ወደ ጎልደን ስቴት ቡድን ተለወጠ። መንታዎቹ አብረው የተጫወቱት እንግዲህ ከ4 ዓመት ያነሰ ነው። ሳምፕሰን ከ1988 በኋላ በአንድም ዓመት በአማካይ 10 ነጥብ አላስቆጠረም። በ1992፥ ገና 32 ዓመት ሳይሞላው፥ ከታላቁ ሊግ ወጣ። በ2012 በኔይስሚዝ ስም በተሠራው የክብር አዳራሽ ስሙ ተጽፏል፤ ይገባዋልም።

ሐኪም ብቻውን ቀረ። ከ1988 እስከ 1991 ቡድኑ በየዓመቱ በመጀመሪያው ዙር ተሸነፈ፤ በ1992 ወደ ማጣሪያው እንኳ አልደረሰም። ይህን ዘመን መጻሕፍት በሁለት መስመር ያልፉታል፤ ለተጫወተው ሰው ግን ከ25 ዓመቱ እስከ 29 ዓመቱ ያለው ዕድሜው ነው። በዚህም ጊዜ ከእግር ኳስ ያመጣቸውን እግሮች አሠለጠነ፤ ወደ ግራ ያዘነበለ መስሎ ወደ ቀኝ የሚዞርበትን፥ ጠባቂውን አስዘልሎ እሱ ከሥር የሚወጣበትን ብልሃት አጠራ። በ1994 ሂውስተን ከኒው ዮርክ ጋር ለፍጻሜ ቀረበ። በስድስተኛው ጨዋታ መጨረሻ ኒው ዮርክ በ2 ነጥብ ተመርቶ ጆን ስታርክስ የመጨረሻውን ኳስ ከሩቅ ሲወረውር፥ ሐኪም ደርሶ በጣቱ ጫፍ ነካው። ኳሱ ሳይደርስ ቀረ፤ 86 ለ84። በሰባተኛው ጨዋታ ሂውስተን 90 ለ84 አሸነፈና ሻምፒዮን ሆነ። አሠልጣኙ ሩዲ ቶምጃኖቪች ቡድኑ ሳንዲያጎ ሳለ በተጫዋችነት የገቡ ነበሩ። በ1984 ይሆናል የተባለው በ1994 ሆነ ማለት ነው፤ ግን በሁለት ማማ ሳይሆን በአንድ ማማና በጥሩ ጋርዶች። በ1995ም ደገሙት። የረቱት የኦርላንዶን ቡድን ነው፤ የ23 ዓመቱ ሻኪል ኦኒል የቆመበት፥ እንደ 1986ቱ ሂውስተን ነገ የእሱ ነው የተባለለት ወጣት ቡድን። 4 ለ0 ተሸነፈ። በ1996 ኦኒል ወደ ሎስ አንጀለስ ሄደና ያም ነገ ሳይመጣ ቀረ።

ሁለት ረጃጅም አብረው ዋንጫ አያነሡም ብዬ ግን አልደመድምም። በ1997 ሳንአንቶንዮ ወጣቱን ቲም ደንከንን ከ32 ዓመቱ ከዴቪድ ሮቢንሰን አጠገብ አቆመ፤ በ1999 ሻምፒዮን ሆኑ። ልዩነቱ ከሁለቱ አንዱ ጎልማሳ መሆኑ ይመስለኛል። ሳምፕሰን ረጅም ሆኖ ሳለ ከውጭ መወርወር ይወዳል ተብሎ ይነቀፍ ነበር። ዛሬ ግን ከሳምፕሰን ቁመት የማያንሰው ፈረንሳዊው ቪክቶር ዌምባንያማ ያንኑ ሲያደርግ ዓለም ያጨበጭብለታል። ሰውዬው ከዘመኑ ቀድሞ መጥቶ ነበር።

አሁን ወደ ግቢያችን ልመለስ፤ ይህን ሳልናገር ብቀር ጽሑፌ ሐሰት ይሆንብኛል። የ10ኛ ክፍሉ ልጅ ባለፈው የግማሽ ዓመት መጨረሻ በተደረገው ጨዋታ ከዕረፍት በፊት ማነከስ ጀምሮ ነበር። የስፖርት መምህራችን ሊያስወጡት አሰቡ። «ጋሼ፥ ዐሥር ደቂቃ ብቻ!» ብዬ የለመንሁ እኔ ነኝ። ልጁንም ጠይቄው ነበር፤ «ምንም አላመመኝም» አለኝ። እንዲህ እንደሚለኝ እያወቅሁ ነበር የጠየቅሁት። በ2 ነጥብ አሸነፍን፤ በትከሻችንም ተሸክመነው ዞርን። በማግሥቱ ጉልበቱ አብጦ ከአልጋው መነሣት አቃተው፤ ሁለት ወር ሜዳ አልረገጠም። እናቱ ትምህርት ቤት መጥተው አምበሉ ማነው ብለው ጠየቁ። አልተቆጡኝም። «ልጄ፥ ቁመቱን አያችሁ እንጂ ዕድሜውን አላያችሁም» ብለውኝ ሄዱ። ስለ ሂውስተን ማንበብ የጀመርሁት በዚያ ሳምንት ነው።

ጓደኞቼ ስለ ጠየቁኝ ጉዳይ፥ ለሚተካኝ አምበል ያሰብሁትን ጽፌ በኳስ መጋዘኑ መዝገብ ውስጥ አኑሬለታለሁ። የ10ኛ ክፍሉ ልጅ ሐኪም ሳይፈቅድለት እንዳይዘል፤ ጋሼም ቢፈቅዱ፥ እሱም ቢለምን። እስከዚያ ከ4 ሜትር ቆሞ መወርወር ይለማመድ፤ ለዚህ ጉልበት አይጠይቅምና። የ9ኛ ክፍሉ ልጅ ከመረብ ኳስ የመጣ ነው፤ እጁ ጥሩ ነው፥ እግሩ ግን ገና አልተፈታም። በሚመጣው ዓመት ብዙ ጊዜ ይሸነፋል፤ ከትልልቆቹ ጋር ይጋፋ፥ ይውደቅ። ደግሞ ሁሉም የሚያወራው ስለ ሁለቱ ረጃጅሞች ነውና፥ ኳስ የሚያመጡላቸውን ሁለት አጫጭር የ11ኛ ክፍል ልጆች የሚያመሰግን አንድ ሰው አይጥፋ። ከአራቱ የከተማችን ቡድኖች ሦስተኛ ብንወጣ እኔ ደስ ይለኛል። ሁለቱ ልጆች አብረው ሙሉ ጤና ሆነው የምናያቸው በመጀመሪያው ዓመት ሳይሆን በሁለተኛው ይመስለኛል፤ እኔም ያን ጊዜ እዚህ የለሁም።

ይህን ጽሑፍ ለመጽሔቱ ከመስጠቴ በፊት ስለ እሳቸው ጽፌአለሁና ፈቃዳቸውን ለመጠየቅ ወደ ልጁ እናት ቤት ሄድሁ። ቡና ተፈልቶ ነበርና አስቀመጡኝ። የሳምፕሰንን ታሪክ ባጭሩ ነገርኋቸው፤ የወረወረውን ኳስ፥ ጉልበቱንም። ዝም ብለው ከሰሙኝ በኋላ፥ «ያ ልጅ ጉልበቱ ሲሄድ ስንት ዓመቱ ነበር?» ሲሉ ጠየቁኝ። 26 ነበር አልኋቸው።

«የኔው ገና 16 ነው» አሉና ቶናውን ቀዱልኝ።